«ካቴድራሉና ገበያው» ከገዳሪፍ ገበያ አንጻር

አሜሪካዊው ፕሮግራመር ኤሪክ ሬይመንድ «ካቴድራሉና ገበያው» የተሰኘውን ድርሰቱን በመጀመሪያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1997 በጀርመን አገር በተካሄደ የሊኑክስ ጉባኤ ላይ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላም በመጽሐፍ መልክ ታተመ። ጭብጡ ሶፍትዌር በሁለት መንገድ ይሠራል የሚል ነው። አንደኛው ጥቂት ባለሙያዎች በር ዘግተው እንደ ካቴድራል የሚያንጹት ሲሆን፣ ሁለተኛው ኮዱ ለሁሉም ተገልጦ የፈለገ ሁሉ የሚያርመውና የሚጨምርበት፣ እንደ ገበያ የሚንጫጫ ሥራ ነው። ሬይመንድ ለሁለተኛው ይፈርዳል፤ ተመልካች ከበዛ ስሕተት ተሰውሮ አይኖርም ባይ ነው። ኦፕን ሶርስ የሚባለው እንቅስቃሴ እስከ ዛሬ ራሱን የሚገልጸው በዚሁ ምሳሌ ነው።

ምሳሌው ግን ገበያን በቅርብ ለሚያውቅ አንባቢ ጎደሎ ሆኖ ይታያል። ቁረይሻን ከመሰሉ የምሥራቅ ሱዳን የእርሻ አካባቢዎች የሚመጣው ሰሊጥ በገዳሪፍ የእህል ገበያ በጨረታ ይሸጣል። ዐረብኛ የማይናገር፣ የጨረታውን ወግ የማያውቅ ሰው መሀል ገበያው ላይ ቢቆምም በውጭ ከቆመው አይለይም። ለሰሊጥ አጨዳ ለብዙ ዓመታት ድንበር ሲሻገር የኖረው ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ለእርሱ የሚጠቅመው ቀድሞት የመጣና ሁለቱን ቋንቋ የሚችል ሰው ነው። በሬይመንድ ገበያ ውስጥ ይህ ሰው የለም። ደራሲው ገበያውን ያየው ቦታውን ይዞ በተቀመጠ ነጋዴ ዐይን እንጂ ዛሬ በደረሰ እንግዳ ዐይን አይደለም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በተግባር ታይቷል። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የተባለው፣ በኢንተርኔት የሚተላለፍ ምስጢር የሚጠበቅበት ፕሮግራም ኮዱ ለማንም ክፍት ነበር። ሆኖም ሃርትብሊድ የተሰኘው አደገኛ ስሕተት ከ2012 እስከ 2014 ሁለት ዓመት ያህል ሳይገለጥ ቆየ። ሥራውን ይጠብቁ የነበሩት እጅግ ጥቂት ሰዎች ነበሩና፣ መጋረጃው መገለጡ ብቻ ተመልካች አላበዛም።

አዲስ መጤውን የሚያሰናክለው ደፍ ሦስት እርከን አለው። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው፤ መመሪያውም ክርክሩም በእንግሊዝኛ ነው። ሁለተኛው መሣሪያው ነው፤ አንዲት ቃል ለማረም ጊት የተባለውን የኮድ መመዝገቢያ አሠራር አስቀድሞ መማር ይጠይቃል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ዝምታ ነው፤ የላከው እርማት መልስ አጥቶ የቀረበት ሰው ዳግመኛ አይመለስም። ይህን የተገነዘቡ ፕሮጀክቶች አሉ። ሊብሬ ኦፊስ ቀላል ሥራዎችን ለጀማሪ ለይቶ ያስቀምጣል። በ2006 በኖም ፕሮጀክት ለሴቶች የተጀመረውና ዛሬ አውትሪቺ የሚባለው መርሐ ግብር ደግሞ ለጀማሪው አስተማሪ ይመድባል፤ ለሥራውም ይከፍለዋል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ሰፊው መግቢያ ትርጉም ነው። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ሊብሬ ኦፊስም ዊኪፔዲያም በበጎ ፈቃደኞች ድካም አማርኛ ተናግረዋል። ዛሬ ዌብሌትን በመሰለ መሣሪያ ኮድ የማያውቅ መምህር ወይም ጸሐፊ ከማሰሻው ሳይወጣ መተርጐም ይችላል። ሆኖም አንዱ «ፋይል» ያለውን ሌላው «መዝገብ» ካለው፣ አንዱ «የይለፍ ቃል» ያለውን ሌላው «የምስጢር ቃል» ካለው፣ የሁለቱም ልፋት ተጠቃሚውን ያደናግራል። የጋራ የቃላት መዝገብና ሐሳቡን ተመልክቶ መልስ የሚሰጥ አራሚ ከሌሉ፣ መሣሪያው ቢቀልም ደፉ ዝቅ አይልም።

ከደፉም በፊት የሚዘጋ በር አለ። ሬይመንድ ራሱ በ1998 ከመሠረቱት አንዱ የሆነበት ድርጅት የኦፕን ሶርስን ትርጉም ሲደነግግ በሰዎችና በቡድኖች መካከል አድልዎ አይኑር ይላል። በጥር 2010 ግን ሶርስፎርጅ የተባለው ትልቅ የፕሮግራሞች ማከማቻ በአሜሪካ የማዕቀብ ሕግ ምክንያት ሱዳንን ጨምሮ ለአምስት አገሮች በሩን ዘጋ። በዚያ ሰሞን በመተማ ዮሐንስ የሚኖር ሰው እንዲያወርደው የሚፈቀድለትን ፕሮግራም፣ ከድልድዩ ማዶ በጋላባት ያለው ጎረቤቱ ተከልክሎ ነበር። በወሩ ምርጫው ለየፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ተተወ፤ በሱዳን ላይ የነበረው ሰፊ የንግድ ማዕቀብ የተነሣው ግን በ2017 ነው።

ደፍ ዝቅ ሲል ሌባም ይገባል የሚል ሙግት ይነሣ ይሆናል። ሙግቱ ከንቱ አይደለም። ኤክስ ዜድ በተባለ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ለዓመታት በጎ ፈቃደኛ መስሎ ካገለገለ በኋላ ስውር መግቢያ ማስቀመጡ በመጋቢት 2024 ተደርሶበታል። ነገር ግን አመኔታውን የሰጠው ብቻውን የደከመ አንድ ጠባቂ ነበር። በትናንሽ ሥራ የተፈተኑና እየተኮተኮቱ ያደጉ ሌሎች ረዳቶች ቢኖሩት ኖሮ ለአንድ ሰው ያን ያህል ባልተደገፈ ነበር። እንግዳን መቀበል ሌላ፣ የጎተራውን ቁልፍ ማስረከብ ሌላ ነው።

የሬይመንድ ድርሰት ዛሬም ሊነበብ ይገባዋል፤ ሥራን ለሕዝብ መግለጥ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከእርሱ በፊት በዚህ ግልጽነት ያስረዳ ጥቂት ነው። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ቢገኝ ግን፣ ደራሲው የዘነጋውን የገበያውን አስተርጓሚ በመቅድሙ ቢያነሣ ለአንባቢው ይበጀዋል።