«ቁም» ከሚለው ቃል ተነሥቶ፤ ጭፈራን ከውስጥ ስለ ማስተማር

የሀገራችን ጭፈራ ምን እንደሚመስል የጻፉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚተላለፍ የጠየቁ ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። ተማሪው የገዛ አካሉን አስተውሎ፥ ስሜቱን ከእስትንፋሱና ከክብደቱ ጋር አዋሕዶ እንዲጨፍር የማስተማር ዘዴ በቅርቡ ከውጭ እንደ መጣ ተደርጎ ይነገራል። እኔ ግን ዘዴው በእኛ ዘንድ ከቀድሞ የነበረ መሆኑን፥ ዛሬ በመድረክና በትምህርት ቤት የምናየው ጭፈራ የደረቀውም ይህን መንገድ በመተዋችን መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ። (ዓ.ም. ከሚል ምልክት ጋር ካልተጻፉ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በኮዬ ፈጬ ያየሁት ልምምድ ነው። ኮዬ ፈጬ በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፥ ትናንት እርሻ በነበረ ሜዳ ላይ ባለ ፎቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የተሠሩበት ቦታ ነው፤ ስሙም በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ውስጥ፥ ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጎን የአንድ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል። ከመሐል ከተማ የመጡ ሰዎች ልጆችና የቀድሞዎቹ የቱለማ ኦሮሞ ገበሬዎች የልጅ ልጆች በአንድ ግቢ ይጫወታሉ። በሁለት ሕንፃዎች መካከል አርባ የሚሆኑ ልጆች ተሰልፈው ለኅዳር 29፥ ለብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ይለማመዱ ነበር። መምህሩ ትጉህ ወጣት ነው፤ ዘፈኑን ከስልኩ በድምፅ ማጉያ እያሰማ፥ ከፊታቸው ቆሞ «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት፥ አራት» እያለ ያሳያቸዋል፤ እነርሱም ይደግማሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የጎጃምን፥ የወሎን፥ የጉራጌን፥ የትግራይንና የሸዋ ኦሮሞን ጭፈራ ፈጸሙ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እግሩ በጊዜው ይወርዳል፤ ስሕተት አልነበረበትም። ሆኖም አንዱ ከሌላው መለየቱን ያወቅሁት መምህሩ ስማቸውን ሲጠራ ብቻ ነው።

በመጨረሻው ጭፈራ ላይ አንዲት ልጅ ከሌሎቹ ተለየች። ቍጥሩን ትስታለች፤ ነገር ግን ከጉልበቷ የተነሣው እንቅስቃሴ በወገቧ አልፎ አንገቷ ድረስ ሲደርስ በግልጽ ይታይ ነበር። መምህሩ ሁለት ጊዜ አረማት። ከዳር ተቀምጠው የሚመለከቱ አሮጊት ነበሩ፤ ልጅቱ «አኮ» እያለች ትጠራቸዋለች፤ አያቷ ናቸው። በእርሷ አስተርጓሚነት ጭፈራውን ከማን እንደ ተማሩ ጠየቅኋቸው። ማንም አላስተማረኝም አሉ፤ ጥቂት ቆይተው ግን እናታቸው በሠርግ ሲጨፍሩ እርሳቸው በጀርባቸው ታዝለው እንደ ነበረ ነገሩኝ።

ይህን መልስ የኢትኖሎጂ ተማሪ እንደ ቀላል ነገር ሊያልፈው አይገባም። በአንቀልባ የታዘለ ሕፃን የሚጨፍረውን ሰው ፊት አያይም። የእናቱ ጀርባ ሲወጠርና ሲላላ፥ እስትንፋሷ ሲያጥርና ሲረዝም፥ እግሯ መሬት ሲመታ ደረቱ ላይ ይሰማዋል። በእግሩ መቆም ሳይችል የጭፈራውን ክብደት ያውቃል። ወደ ኋላ አድጎ እርምጃውን በዓይኑ ሲያይ፥ አዲስ ነገር መማሩ ሳይሆን የሚያውቀውን ነገር መልክ ማየቱ ነው። በኮዬ ፈጬው ሰልፍ ግን ትምህርቱ ከመልኩ ጀምሮ በመልኩ ያበቃል።

ስለ ጭፈራችን የተጻፈውም ጥናት ከዚህ ጉድለት ነጻ አይደለም። ጂዮርጅ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ የተባሉ የሀንጋሪ ሊቃውንት በ1965 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር፤ ማርቲንም በ1967 ስለ ጭፈራ ዓይነቶች ያሳተመው ጽሑፍ ዛሬም የሚጠቀስ ነው። የሀገራቸው ሰው ቲቦር ቫዳሺ ደግሞ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ በ1970፥ በ1971ና በ1973 ተከታታይ ጽሑፎችን አውጥቷል። እነዚህ ሰዎች ባይደክሙ ኖሮ ብዙ ነገር ያለ መዝገብ በቀረ ነበር። ነገር ግን ዋናው ትኩረታቸው በቅርፅ ላይ ነበር፤ ትከሻ እንዴት ይሄዳል፥ እግር ስንት ጊዜ ይረግጣል የሚል። ጨፋሪው በዚያ ጊዜ ምን እንደሚሰማው፥ ልጁን ወይም ጎረቤቱን ምን ብሎ እንደሚያርመው መጠየቅ የእኛ የባለቤቶቹ ፈንታ ነበር፤ እኛ ግን አልጠየቅንም።

የመድረኩም ታሪክ ከዚሁ ይያያዛል። በ1935 ከተመሠረተው ከሀገር ፍቅር ጀምሮ፥ በ1955 የተከፈተውን የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትርና በ1963 የተቋቋመውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ጨምሮ፥ የየአውራጃውን ጨዋታ በአንድ መድረክ ማቅረብ ትልቅ የባህል ሥራ ነበር፤ ይህን አልነቅፍም። ጎጃሜው የጉራጌን፥ ሸዌው የትግራይን ጨዋታ ያየው በዚህ ነው። ነገር ግን ክብ ሠርቶ እርስ በርሱ ይተያይ የነበረው ጨፋሪ በመድረክ ላይ ፊቱን ወደ ተመልካች አዞረ። ስሙም ተለወጠ፤ «ውዝዋዜ» ተባለ። ወዘወዘ ማለት ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሚታየው ነገር ነው። በሕዝቡ ቋንቋ ግን ሰውየው «እስክስ አለ» ወይም «እስክስታ ወረደ» ይባላል። «አለ» የሚለው ግስ በ«ብድግ አለ» እና በ«ቁጭ አለ» ውስጥም ስለሚገኝ ከንግግር ጋር ማያያዝ አይገባም የሚል የሰዋስው ዐዋቂ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ይሁን እንጂ «እስክስ!» ጨፋሪው ራሱ በጥርሱ መካከል የሚያወጣው ድምፅ መሆኑን ያየ ሰው፥ የጭፈራው ስም ከእስትንፋስ እንደ ተወሰደ ለማመን አይቸገርም። «ወረደ» የሚለውም ክብደትን የሚያመለክት ቃል ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የቤተ ክርስቲያኑ ቃል ነው። ሊቃውንቱ ከበሮና ጸናጽል ይዘው፥ በመቋሚያ እየተመሩ የሚያቀርቡትን ሥርዐት «አቋቋም» አሉት፤ «ቆመ» ከሚለው ግስ። ትምህርቱም «ቁም» ከሚባለው ክፍል ይነሣል፤ ዝማሜው፥ መረግዱና ጽፋቱ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ዜማውን ቆሞ በሙሉ ሰውነቱ ያልያዘ ደቀ መዝሙር ለመወዝወዝ አይቸኵልም። ዓይነ ስውራን ሊቃውንት በዚህ ትምህርት መመስገናቸውና ማስተማራቸው የታወቀ ነው፤ ትምህርቱ በማየት ብቻ የሚያዝ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልተቻለ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት የኖሩት፥ ሕዝቡ በቀልዳቸው ይበልጥ የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና አዲስ የዝማሜ ስልት ማውጣታቸው ይነገራል። እንደሚተረከው ስልቱን የወሰዱት ከጣና ማዕበል ነው፤ ውሃው ወደ ዳር መጥቶ እንደሚመለስ ሰውነትም ወደ ጎንና ጎን እንዲሄድ። የጎንደር ካህናት አዲሱን ነገር አልተቀበሉትም፤ አለቃ ግን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ በእርሱም ምክንያት በደብረ ታቦር ተስፋፍቶ እስከ ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» ይባላል። ትረካው ስለ አንድ መምህር አሳብ የሚነግረን ነገር አለ። ማዕበል እርምጃ የለውም። ማዕበልን በሰውነቱ ለማምጣት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ክብደቱ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲፈስ ማስተዋል አለበት፤ የእጁና የመቋሚያው መንገድ ከዚያ ይከተላል።

የምዕራብ መምህራንም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ሜብል ቶድ በ1937 ስለሚያስብ አካል መጽሐፍ ጻፈች፤ ሞሼ ፌልደንክራይስ ተማሪዎቹን መሬት ላይ አስተኝቶ ጥቃቅን እንቅስቃሴያቸውን እንዲያስተውሉ ያደርግ ነበር። በ1970ዎቹም ቶማስ ሐና «ሶማ» ከሚለው የግሪክ ቃል ለዘዴው ስም አወጣለት፤ ትርጓሜውም ባለቤቱ ከውስጥ የሚያውቀው አካል ማለት ነው። (ከአለቃ ጋር የስም መገጣጠም እንጂ ዝምድና የላቸውም፤ አለቃ ይህን ቢሰሙ ግን አንድ ነገር ሳይናገሩ የሚያልፉ አይመስለኝም።)

ይህ ዘዴ በዘመናችን ወደ አዲስ አበባ የገባበት ዋናው በር የታወቀ ነው። በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ ከመቶ በላይ የጎዳና ልጆችን አሠልጥኖ የካርል ኦርፍን «ካርሚና ቡራና» በጭፈራ አሳየ፤ ከዚያም ሥራ «አዱኛ» የተባለው የጭፈራ ቡድን ተወለደ። የውጭ ጸሓፊዎች ስሙን «ዕጣ ፈንታ» ብለው ይፈቱታል፤ አማርኛ ዐዋቂ ግን አዱኛ የዓለም ሀብትና ደስታ መሆኑን፥ አላፊም መሆኑን ያውቃል። ማልዱም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጸጥታን ነው፤ ዝም ብሎ፥ ሰውነትን ሰብስቦ መቆምን። ልጆቹ ማንም በማይነጋገርበት በላቲን ቋንቋ መዝሙር እየተመሩ፥ ባሕር ተሻግሮ ከመጣ ሰው «ቁም» የሚለውን ትምህርት ተማሩ። ይኸው ትምህርት በየደብሩ ቅኔ ማሕሌት ይሰጥ ነበር፤ እነዚያን ልጆች ግን ማንም አልጠራቸውም። እዚህ ላይ ወቀሳው የሚያርፈው በእንግሊዛዊው ላይ አይደለም።

ፍሬውም ታይቷል። ከአዱኛ የወጣው ጁናይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 እና በ2005 ጭፈራን ከአየርና ከእስትንፋስ ጀምሮ በሚያስተምረው በጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ሥር ተምሯል፤ ከባልደረባው ከአዲሱ ደምሴ ጋርም «ዴስቲኖ» የተባለውን ቡድን አቋቁሟል። እኔ ግን ከሁሉ የማስበልጠው አዳም ቤንጃሚን ከአዱኛ ወጣቶች ጋር የሠራውን ነው። ይህ ሰው በ1991 በለንደን አካል ጉዳተኞችና ሌሎች በአንድነት የሚጨፍሩበትን ካንዱኮን ካቋቋሙት አንዱ ነው፤ በአዲስ አበባም በዚሁ መንገድ ጉዳት ያለባቸውንና የሌለባቸውን አንድ ላይ አሠልጥኗል። በምርኵዝ ለሚሄድ ሰው «እንደ እኔ እርገጥ» ቢሉት ምን ይጠቅመዋል? መምህሩ ከእርምጃው በስተ ኋላ ያለውን ነገር፥ ክብደት ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ከኮዬ ፈጬ ብዙ በማይርቀው በሰበታ ለዓይነ ስውራን ልጆች የቆመ የታወቀ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። የኮዬ ፈጬው መምህር ነገ ወደዚያ ቢላክ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ዘዴው ሁሉ ከእጁ ይወድቃል፤ የአሮጊቷ የጀርባ ትምህርት ግን አይወድቅም።

ስለ ዘዴው ሁለት ነገር ሳልነቅፍ አላልፍም። ከውጭ እንደ መጣ የሚያስተምሩት አንዳንዶች ተማሪውን ዓይኑን ጨፍኖ የራሱን ስሜት ብቻ እንዲያዳምጥ ያዝዙታል። በእስክስታ ግን ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው አንዱ የሌላውን ትከሻ ይቀበላል፤ ዘፋኙ ሲያወርድ ተቀባዩ ይመልሳል፤ ስሜቱ በአንዱ ደረት ውስጥ ተዘግቶ የሚኖር ሳይሆን በመካከላቸው የሚመላለስ ነው። ብቻውን ተቀምጦ «ልሰማው» የሚል ሰው ምንም ላይሰማው ይችላል። ሁለተኛው ነቀፋ ይበልጥ ይከብዳል፤ የሚመጣውም ከቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው። ንጉሥ ገብረ መስቀል የያሬድን ዜማ ሲያዳምጥ የያዘው ጦር በያሬድ እግር ላይ ተተከለ፤ ሁለቱም ግን አላወቁም ይላል ትውፊቱ። ታዲያ የጥበቡ ፍጻሜ አካልን መርሳት ከሆነ፥ አካልን ማስተዋል ለምን እናስተምራለን? እኔ የምመልሰው ማስተዋሉ የተማሪ፥ መርሳቱ የሊቅ ነው ብዬ ነው፤ በቍጥር ብቻ የተማረ ልጅ የሚረሳው አካል ገና አላገኘም። ይህ መልስ ሁሉን እንደማያረካ ዐውቃለሁ።

ልምምዱ ሲያበቃ ይህንኑ ለመምህሩ ነገርኩት። በትሕትና አዳመጠኝ። አርባ ልጆች፥ ሁለት ሳምንትና አምስት ጭፈራ እንዳለበት አስረዳኝ፤ በበዓሉ ቀን ለእያንዳንዱ ጭፈራ የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ልጅቱን ያረማትም እርሷ ብቻዋን ስትዘገይ ሰልፉ ስለሚበላሽ ነው፤ እንጂ የእርሷ መልካም መሆኑ ጠፍቶት አልነበረም። የአለቃ ገብረ ሐናንና የጣናን ነገር ስጨምርለት ሳቀ።

«ጋሼ፥» አለኝ ስልኩን እየነካካ፥ «ማዕበሉ ስንት ቍጥር አለው?»