ገጸ ባሕርያችንን ቶሎ አናድናቸው

በወጣቶች ክፍላችን የሥነ ጽሑፍ ምሽት የሚነበቡት አጫጭር ልብ ወለዶች ብዙዎቹ አንድ መልክ አላቸው። ልጅቷ የኮሌጅ ክፍያ ያጥራታል፤ በሁለተኛው ገጽ ትጸልያለች፤ በሦስተኛው በር ይንኳኳና ገንዘቡ ይመጣል። እኛም «አሜን» ብለን እናጨበጭባለን። ባለፈው ምሽት ግን እናቱን በቅርቡ የቀበረ አንድ ወንድማችን ሲወጣ ጠጋ ብሎ፣ «በእኛ ታሪኮች ውስጥ የማንም እናት አትሞትም» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

እግዚአብሔር ጸሎት ይመልሳል፤ ይህን አልጠራጠርም። ጉድለቱ የድርሰታችን ነው። ገጸ ባሕርያችንን ስለምንወዳቸው ግጭት ውስጥ ልንከታቸው እንሳሳለን። ስንጨክንም መከራ እንደረድርባቸዋለን፤ በሽታ፣ አደጋ፣ ሥራ ማጣት። መከራ ብቻውን ግን ግጭት አይሆንም። ግጭት የሚጀምረው ሰው አንዱን ከያዘ ሌላውን እንደሚያጣ ሲያውቅ፣ ሁለቱንም ሲወድ ነው።

ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንመልከት። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር የከለከለው የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ መጽሐፉ የጌታና የድኻ ታሪክ ሆኖ በቀረ ነበር። በዛብህ ግን በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር በስለት የተሰጠ ልጅ ነው። ስለቱን የወለደው የወላጆቹ ፍቅር ነው፤ ሰብለንም የሚወዳት ከልቡ ነው። ከፊታውራሪ ሸሽቶ ሊያመልጥ ይችላል፤ ከስለቱ ግን ወዴት ይሸሻል? እኛ ስለ ስለት ያለን አስተምህሮ የተለየ ቢሆንም ጭንቁ ይገባናል።

ጌታችን በሉቃስ 15 የተናገረውን የጠፋውን ልጅ ምሳሌም ስንሰብክ፣ ብዙ ጊዜ ታናሹ ተመልሶ ፍሪዳው ሲታረድ እናቆማለን። ታላቁ ወንድም ግን ደጅ ቆሟል። ያኮረፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስንት ዓመት ሲያገለግል ለእርሱ አንድ ጠቦት እንኳ አልታረደለትም። አባትየው ወጥቶ ይለምነዋል። ገባ ወይስ ቀረ? ምሳሌው አይነግረንም። ኃጢአተኞችን ይቀበላል ብለው ያጉረመረሙት ፈሪሳውያን እየሰሙ ነበርና መልሱ ለእነርሱ ተተወ።

እንግዲህ ወደ ኮሌጇ ልጅ እንመለስ። የወጣቶች ክፍል ገንዘብ ያዥ እናድርጋት። የሣጥኑ ቁልፍ በእጇ ነው፤ ምዝገባው ነገ ያበቃል፤ ገንዘቡን በወር ውስጥ እንደምትመልስ እርግጠኛ ናት። እናቷ ደግሞ ለዚህ ቀን ስትል ዓመታት እንጀራ ሸጣለች። ትጸልይ፤ ስትጸልይ ግን ቁልፉ ከእጇ አይውጣ። በሩን የሚያንኳኳ ሰው አንላክላት። የምትመርጠውን ትምረጥ፤ ያስከፈላትንም እንይ። ከሣጥኑ ብትወስድም እንኳ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የዳዊትን በደል እንዳልደበቀ እናስታውስ።

ያ ወንድማችን አሁን የራሱን ታሪክ እየጻፈ ነው። እናትየዋ እንደምትሞት ነግሮኛል። ልጁ ከቀብሩ በኋላ ባለው እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ይቁም አይቁም ግን ገና አልወሰነም። አትቸኩል ብዬዋለሁ።