በግንቡ ግርጌ ያለው ሰው

በወጣትነቴ ጊዜ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የታተመ ሥዕል አይቼ እጅግ ተደነቅሁ። ሥዕሉ በዘይት ቀለም የተሠራ ሲሆን፥ በሰሜን ዌልስ ከላንቤሪስ መንደር አጠገብ ያለውን የዶልባዳርንን ግንብ ያሳያል። የሣለው እንግሊዛዊው ተርነር ነው። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1800 ዓ.ም. ለንደን ከተማ በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ለሕዝብ ሲያሳየው ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር። በ1802 የአካዳሚው ሙሉ አባል በሆነ ጊዜም ያበረከተው ይህንኑ ሥዕል ነው።

ግንቡ በኮረብታ ላይ ለብቻው ቆሞ ከበስተኋላው የሰማይ ብርሃን ይታያል፤ ከበታቹ ያለው ሸለቆ ግን ጨለማ ነው። የግንቡ ቁመት በእውነቱ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ተርነር ግን ተመልካቹን ከሸለቆው አቁሞ ሽቅብ ስለሚያሳየው ሰማይ የሚነካ ይመስላል።

እኔም «እንዴት ያለ ግርማ ነው!» እያልሁ ለአንድ ሽማግሌ ባሳያቸው፥ ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩና «የታሰረውንስ ሰው አየኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። አላየሁትም ነበር። ከሥዕሉ ግርጌ በጥላው ውስጥ ጥቃቅን ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ እስረኛ ነው። በዚያ ቀን ያፈርሁትን እፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እስረኛው ኦዋይን ይባላል። ወንድሙ ሊዌሊን በ1255 በጦርነት ድል አድርጎ አሰረውና ከ20 ዓመት በላይ በእስራት ቆየ፤ የታሰረውም በዚህ ግንብ እንደ ነበረ በትውፊት ይነገራል። በ1277 የተፈታው ወንድሙ ራርቶለት አይደለም፤ የእንግሊዝ ንጉሥ 1ኛ ኤድዋርድ ሊዌሊንን አሸንፎ በውል ስላስገደደው ነው። በ1282 ሊዌሊን ተገደለ፤ በማግሥቱም ዓመት አገሪቱ በኤድዋርድ እጅ ገባች። ወንድም ለወንድሙ ያልከፈተውን በር ባዕድ ከፈተው፤ ባዕድም በከፈተው በር ራሱ ገባበት።

ተርነርን የምነቅፍበት ነገር ነበረኝ። ብርሃኑን ሁሉ ለግንቡ ሰጥቶ፥ ሰውየውን እስከማይታይ ድረስ አሳንሶታል፤ ታሪኩንም ለማስታወቅ በትርኢቱ መዘርዝር ላይ ግጥም ማሳተም አስፈልጎታል። ሥዕል ያለ ጽሑፍ መናገር ካልቻለ ጉድለት አለበት እል ነበር።

አሁን ግን ይህን ነቀፌታ ትቼዋለሁ። እስረኛውን አጉልቶ ቢስለው ኖሮ አዝንለት ነበር እንጂ በራሴ አላፍርም ነበር። አሳንሶ በመሣሉ፥ ግርማ የሰውን ዓይን እንዴት እንደሚሰርቅ በራሴ ዓይን አሳየኝ። ግንቡን እያደነቅሁ ሰውየውን ያለፍሁት እኔ ነኝ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በሕይወትህ ብዙ ከፍ ያሉ ግንቦችን ታያለህ፤ አንዳንዶቹም በእውነት የሚያምሩ ናቸው። ውበታቸውን ማድነቅ ነውር አይደለም። ነገር ግን ከማጨብጨብህ በፊት ዓይንህን ወደ ግርጌው ዝቅ አድርግና የሽማግሌውን ጥያቄ ራስህን ጠይቅ።