የሚስስ ቢተን መጽሐፍና የኪሌሌሽዋዋ ልጅ

ለእንግሊዝኛ ንባብ ክፍላችን ጽሑፍ ስፈልግ እጄ የገባው ኢዛቤላ ቢተን የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1861 ስለ ቤት አያያዝ ያሳተመችው መጽሐፍ ነው። ከሺህ ገጽ በላይ ነው፤ አብዛኛው የምግብ አሠራር። እኔን የያዘኝ ግን ስለ ቤት ሠራተኞች የሚናገረው ክፍል ነው።

ደራሲዋ የቤት እመቤትን ከጦር አዛዥ ጋር ታመሳስላለች። ቀጥላ የሠራተኛዋን ቀን ትዘረዝራለች፦ ምድጃ መጥረግ፣ እሳት ማንደድ፣ ደረጃ ማጠብ፣ ቁርስ ማቅረብ፣ አልጋ ማንጠፍ። ሁሉንም ብቻዋን ለምትሠራው ልጅ ደመወዟ በዓመት ከ9 እስከ 14 ፓውንድ ነው። ቢተን ጨካኝ አይደለችም። ይህች ልጅ ብቸኛ ናት፣ ሥራዋም አያልቅም ብላ ታዝንላታለች። መፍትሔው ላይ ግን፣ ልጅቷ ቀልጣፋ ከሆነችና አሠሪዎቿም ደህና ሰዎች ከሆኑ የራሷን ልብስ የምትሰፋበት ጊዜ አታጣም ትላለች። ደህና ሰዎች ካልሆኑስ? እዚህ ላይ መጽሐፉ ዝም ነው። በበኩሌ ትልቁ ጉድለቱ ይሄ ነው።

በእረፍት ጊዜ ናይሮቢ ሄጄ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጣ ኪሌሌሽዋ ሰው ቤት የገባች የአገራችንን ልጅ፣ የቀድሞ ተማሪዬን አገኘሁ። እዚያ ሰፈር የድሮዎቹ ባለ ግቢ ቤቶች ከጓሮ የሠራተኛ ክፍል ነበራቸው፤ ዛሬ በቦታቸው የቆሙት ፎቆችም ያቺን ክፍል አልተዉም፣ «ኤስ ኪው» ይሏታል። ምዕራፉን እየተረጎምኩ አነበብኩላት።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ የኔ ፕሮግራም ነው! እሳቱ ብቻ ነው የቀረው» ብላ ሳቀች።

«ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?»

«እነሱ ሲተኙ።»

እንግሊዞቹን ብቻ መውቀስ አይቻልም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2601 ከአሠሪው ቤተሰብ ጋር የምትኖርን ሠራተኛ የሥራ ሁኔታ ለአሠሪው ኅሊና ይተወዋል። ያው የቢተን «ደህና ሰዎች» ማለት ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ጉዳይዋን ለሌላ ደንብ አስተላልፎታል። በኬንያ ቢያንስ የቤት ሠራተኛ በደመወዝ ትእዛዙ ውስጥ ስሟ ተጠርቶ ዝቅተኛ ክፍያ ተወስኖላታል፤ ተማሪዬ ግን ይህን ከእኔ ነው የሰማችው።

በዚያው በቢተን ዘመን ሐና ከልዊክ የምትባል እንግሊዛዊት ሠራተኛ የቀን ሥራዋን በማስታወሻ ትጽፍ ነበር፤ ስንት ጥንድ ጫማ እንደወለወለች ሳይቀር። ማስታወሻው በመጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በሚቀጥለው ተርም ሁለቱን ጎን ለጎን ለማስነበብ አስቤአለሁ። ለኪሌሌሽዋዋ ልጅም ደብተር ልኬላት ነበር። ደርሷታል፤ የምትጽፍበት ሰዓት ግን ገና አላገኘችም።