ባልደረሰ ዕቃ ላይ የተበላ ቀብድ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በመርካቶ ሰልባጅ ልብስ በሚሸጥበት በኩል ያለፍህ እንደሆነ፣ ከቦንዳ ከተዘረገፈው ክምር መካከል እጅጌ የሌለው ሰፊ ማልያ ማየትህ አይቀርም። በደረቱ ላይ የአንድ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ስም፣ በጀርባው ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። ሻጩ ጨርቁን እየሳበ ጥንካሬውን ያሳይሃል እንጂ ስለ ለባሹ የሚነግርህ የለውም፤ አንተም አትጠይቅም። ነገር ግን ማልያው አዲስ በነበረበት ጊዜ ያንን ቁጥር የለበሰ አንድ ልጅ ነበረ፤ ምናልባትም አዳራሽ ሙሉ ሰው በስሙ ይጮህለት ነበር። ከዚያ በኋላ የት ደረሰ?

ይህን ጥያቄ ይዞ የተሠራ አንድ ፊልም አለ። ስሙ «ሁፕ ድሪምስ» ነው፤ «የቅርጫት ኳስ ሕልም» ብንለው ያስኬዳል። ስቲቭ ጄምስ የተባለው አዘጋጅና ሁለት ባልደረቦቹ የ30 ደቂቃ ሥራ ለመሥራት አስበው በቺካጎ ከተማ ሁለት ልጆችን መከተል ጀመሩ፤ ነገሩ እየሰፋ ሄዶ ዐምስት ዓመት ያህል ተከተሏቸው። 250 ሰዓት የሚያህል ፊልም አንሥተው፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1994 አወጡ። ተዋናይ የለበትም፤ የሚታየው ሁሉ የሰዎቹ የራሳቸው ኑሮ ነው። ብዙ ተመስግኗል፤ ምስጋናውም የሚገባው ነው። እኔ ግን ከምስጋናው ጋር አንድ ወቀሳ አለኝ፤ ወደ እርሱ እመጣለሁ።

ልጆቹ አርተር ኤጂና ዊልያም ጌትስ ይባላሉ፤ ሁለቱም የድኻ ሰፈር ልጆች ናቸው። የሰፈር ሜዳዎችን እየዞረ ልጆችን የሚመለምል አንድ ሰው አርተርን በ14 ዓመቱ ያየውና በከተማው ዳርቻ ወዳለ ቅዱስ ዮሴፍ ወደሚባል የግል ትምህርት ቤት ያመጣዋል። ዊልያምም እዚያው ይገባል። ትምህርት ቤቱ አይዛያ ቶማስ የተማረበት ነው፤ ይህም ሰው በኋላ ከዲትሮይት ቡድን ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1990 የአሜሪካን ዋንጫ ያነሣ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ልጆች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የዚህን ሰው ጥላ ተሸክመው፣ ለመሄጃ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል እየተጓዙ መማር ጀመሩ።

አርተር እንደታሰበው ፈጥኖ አልጎለበተም። በዚያ ላይ የቤተሰቡ ኑሮ ወደቀና የትምህርት ቤት ክፍያው ተጓደለ፤ ልጁም ከትምህርት ቤቱ ለመውጣት ተገደደ። በሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብቶ ሊጨርስ በተቃረበ ጊዜ ደግሞ፣ ቀሪው ዕዳ ካልተከፈለ የቀድሞው ትምህርት ቤት የውጤቱን ማስረጃ አልሰጥም አለ። ለዊልያም ግን የጎደለውን የሚከፍልለት ሰው ተገኘለት፤ ጎበዝ ተጫዋች ነበርና። የዊልያም ጉልበት ከተጎዳና ከታከመ በኋላ እንኳ ሁሉም የሚጠይቀው መቼ ወደ ሜዳ እንደሚመለስ ነበር። ትምህርቱን ጨርሶ አሠልጣኙን ሊሰናበት በገባ ዕለት፣ እኚያ አሠልጣኝ ልጁ በሩን ዘግቶ እንደወጣ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል የሚል ነገር ተናገሩ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ሥራቸው እንዲያ ነው። በእኔ አስተያየት ከፊልሙ ሁሉ የሚያስደነግጠው ይህ ተራ ንግግር ነው።

በመርካቶ ያደግህ ልጅ ከሆንህ ይህን ነገር ለመረዳት የአሜሪካን አገር ማወቅ አያስፈልግህም፤ ቀብድ ምን እንደሆነ ማወቅ ይበቃሃል። ገና ከመርከብ ባልወረደ ዕቃ ላይ ነጋዴው ቀብድ ይቀበላል። ዕቃው ሳይመጣ ቢቀር ግን ዕዳው የተቀባዩ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ያፈረሰ እንደሆነ የተቀበለውን ዕጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ያዛል። የልጆቹ ነገር ግን በተቃራኒው ነው። ቀብዱን የበላው ሌላ ነው፤ መልማዩ እንደ ደላላ ስም አገኘበት፣ ትምህርት ቤቱ ዝና አገኘበት፣ ጋዜጣው ገበያ አገኘበት። ዕቃው ያልደረሰ ጊዜ ዕዳውን ክፈል የተባለው ግን ዕቃው ራሱ፣ ማለት ልጁ ነው! የአርተር የትምህርት ማስረጃ በዕዳ መያዙ ምሳሌ አይደለም፤ እንዲያው በቁሙ የሆነ ነገር ነው።

ደግሞስ የተገባው ውል ምን ያህል ሊፈጸም ይችል ነበር? በአሜሪካ ታላቁ የቅርጫት ኳስ ማኅበር 30 ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዱም በመደበኛ ውል የሚይዘው ቢበዛ 15 ተጫዋች ነው። በጠቅላላው 450 ቦታ መሆኑ ነው፤ እርሱም ለዓለም ሁሉ። በየትምህርት ቤቱ የሚጫወቱት የአሜሪካ ልጆች ግን በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ሌኒ ኩክ የተባለው የኒው ዮርክ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2001 በአገሩ ካሉት የትምህርት ቤት ተጫዋቾች ከፊተኞቹ ተቆጥሮ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ቡድኖቹ ተጫዋች ሲመርጡ አንዱም ስሙን አልጠራም። ስለ እርሱም ፊልም ተሠርቷል።

አሁን ወደ ወቀሳዬ ልምጣ። «ሁፕ ድሪምስ» ይህን ንግድ እየገለጠ ሳለ እኛንም ተመልካቾቹን ከገዢዎቹ ጋር ያሰልፈናል። የየጨዋታውን መጨረሻ እንደ ጦር ሜዳ ወሬ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ሰከንዶቹ ሲቆጠሩ ትንፋሻችንን ይዘን ኳሷ እንድትገባ እንመኛለን። የአርተር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1991 በክፍለ ሀገሩ ውድድር ሦስተኛ ሲወጣ ደስታችን ወሰን የለውም፤ ልጁ በክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደተማረ ግን ለጊዜው ረስተነዋል። አዘጋጆቹ ይህን ሳያውቁት ቀርተው ነው ለማለት አልደፍርም። ቢሆንም ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ «ለመሆኑ ደረሱ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ፣ መልማዩ የጠየቀውን ጥያቄ ነው የጠየቀው።

ከዚህ ወቀሳ የሚያመልጥ አንድ ቦታ አለ። የአርተር እናት ወይዘሮ ሺላ፣ መብራት እስኪቆረጥባቸው ድረስ በችግር የኖሩ ሴት፣ የነርስ ረዳትነት ትምህርት ሲማሩ ቆይተው ውጤታቸውን ይሰማሉ፤ ከክፍላቸው አንደኛ ወጥተዋል። እንባቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። የሚያጨበጭብላቸው ሕዝብ አልነበረም፤ ስለ እርሳቸውም አስቀድሞ ተስፋ የጻፈ ጋዜጣ የለም። በሦስቱ ሰዓት ውስጥ ያለ ቀብድ የደረሰ ዕቃ ይህ ብቻ ነው፤ ለእኔም ፊልሙን ሁለት ጊዜ እንዳየው ያደረገኝ እርሱ ነው።

«ይህ የአሜሪካኖች ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው አይጠፋም። በእኛ ዘንድ ልጅን የሚያስጨበጭብለት ቅርጫት ኳስ ሳይሆን የእግር ኳስ ነው፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። በ1993 ዓ.ም. የአፍሪካ ወጣቶች የእግር ኳስ ሻምፒዮና በአገራችን ተደርጎ፣ ልጆቻችን ከአራቱ አንዱ ሆኑ። በዚሁ ዓመት ወደ አርጀንቲና ሄደው በዓለም የወጣቶች ውድድር ተሰለፉ፤ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈው ተመለሱ። ለወጣቶች መሸነፍ ነውር አይደለም። ነገር ግን ከእኛው አህጉር በዚያው ውድድር ጋና ሁለተኛ፣ ግብፅ ሦስተኛ ወጡ። ከጋናዎቹ መካከል ማይክል ኤሲየን የሚባል ልጅ ነበረ፤ ከዐምስት ዓመት በኋላ አገሩን ይዞ በዓለም ዋንጫ ሜዳ ቆመ። የእኛ ልጆች ጥቂቶቹ በየክለቡ ተጫውተዋል፤ ዓለም ስሙን የሚያውቀው ግን ከመካከላቸው አልወጣም። ዋናው ብሔራዊ ቡድናችንም ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ከ31 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ልጆቹ ሰነፎች ነበሩ የሚለውን ፍርድ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አልቀበለውም። በየሰፈሩ ኳስ የሚችል ልጅ ሲገኝ የምናደርገውን እናውቃለን። የቤት ሥራውን ባይሠራ «ተጫዋች ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ሻይ ቤት ሲገባ ሒሳቡ ተከፍሎ ይጠብቀዋል፤ ታላላቆቹ ስሙን በአደባባይ እየጠሩ ወንድሜ ነው ይላሉ። ጉልበቱ የተጎዳ ዕለት ግን ያንን ሻይ የሚከፍል አይገኝም፤ ያለፈው የትምህርት ዘመንም አይመለስለትም።

አርተርና ዊልያም ወደ ታላቁ ማኅበር አልገቡም። ሆኖም ሁለቱም በኮሌጅ ተጫውተዋል፤ ዊልያም በኋላ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆነ። ይህን ለማወቅ የቻልነው ዐምስት ዓመት ሙሉ የተከተላቸው ሰው ስለነበረ ነው። ከአርጀንቲና ስለተመለሱት ልጆች ግን፣ ማን ስንት ጎል አገባ ከሚለው ሌላ፣ ትምህርቱን የጨረሰው ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ጋዜጣ እስከ ዛሬ አላነበብኩም።