ስለ ለምፓድ የእጅ ሥራ

ከጃቫ ደሴት በስተምሥራቅ በምትገኘው በባሊ ደሴት፥ ቤትና መቅደስ የሚያቅደውን፥ ደግሞም ድንጋይና እንጨት የሚቀርጸውን ባለሙያ ኡንዳጊ ይሉታል። ከነዚህም ጠቢባን ስሙ እጅግ የተጠራው ኢ ጉስቲ ኞማን ለምፓድ ነው። እርሱም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1862 ገደማ ተወልዶ በ1978 ኡቡድ በምትባለው ከተማ ዐረፈ። ብዙዎች የሚያመሰግኑት በወረቀት ላይ ስለ ሣላቸው ሥዕሎቹ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ሥዕሉን መመርመር የሚወድ ሰው አስቀድሞ ሕንጻውን ሊጐበኝ ይገባዋል።

በኡቡድ ሳራስዋቲ የሚባል መቅደስ አለ፤ ባሊዎች የትምህርትና የጥበብ አምላክ ለሚሏት የቆመ ነው። የከተማይቱ መስፍን ቾኮርዳ ግዴ አጉንግ ሱካዋቲ አዝዞ ሥራው በ1951 ተጀምሮ በ1952 ተፈጸመ። ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ጠባብ ሲሆን፥ በግራና በቀኙ የሎተስ አበባ የሞላበት ኩሬ ነው። ከውስጥ ቁመቱ 3 ሜትር የሚሆን፥ ለምፓድ የቀረጸው የጄሮ ግዴ ምቻሊንግ አስፈሪ ምስል ቆሟል። በበሩ ላይ ቅጠሉና አበባው እርስ በርሱ ስለ ተጨናነቀ ዓይን ይደክማል። ነገር ግን ጠቢቡ ከፊቱ ሰፊና ጸጥ ያለ ውሃ አኑሯልና የደከመው ዓይን በዚያ ያርፋል።

በወረቀትም ያደረገው ይህንኑ ነው። የባቱዋን መንደር ሠዓልያን የወረቀቱን ማዕዘን ሁሉ በዛፍና በሰው ሲሞሉ፥ እርሱ ግን ሰውን በቀጭን መስመር ሥሎ ዙሪያውን ነጭ ይተወዋል። ይህን ዕውቀት ከፈረንጆች ተማረ የሚሉ አሉ። እውነት ነው፥ በ1936 ከዋልተር ሽፒስና ከሩዶልፍ ቦኔት ጋራ በፒታ ማሃ ማኅበር ነበረ። ዳሩ ግን ሽፒስ በ1927 ባሊ ሲገባ ለምፓድ ከ60 ዓመት ያለፈ ሐናጺ ነበር። ወረቀቱን ከእነርሱ ተቀብሎ ይሆናል፤ ልክን ማወቅ ግን አስቀድሞ የእርሱ ነበረ።

ልኩም ከሰው አካል የተወሰደ ነው። ኡንዳጊው ቤት ሲሠራ የባለቤቱን ክንድ፥ ስንዝርና ጫማ ይለካል፤ በልኩም ላይ ጥቂት ይጨምርበታል፤ ይህንንም ጭማሪ የቤቱ ሕይወት ይሉታል።

ድንጋዩ ፓራስ የሚባል ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለ ሆነ በቀላሉ ይቀረጻል፤ በዝናብም ቶሎ ይሻግታል፥ ይሸረሸራልም። በ1917 የሆነው የምድር መናወጥ ብዙ መቅደሶችን አፍርሷል። ለሬሳ ማቃጠያ ሥርዓት የሚሠራው ረጅም ግንብም፥ ስንት ቀን ተደክሞበት፥ በአንድ ቀን በእሳት ያልቃል። ለምፓድም እንዲህ ያለውን ግንብ በመሥራት የታወቀ ነበር።

እንግዲህ የዚህን ሰው ሥራ መጠበቅ ማለት አሮጌውን ድንጋይ ብቻ መጠበቅ አይደለም። ያረጀው ቅርጽ በአዲስ ቢተካ አንዘንም፤ የሚተካው እጅ ልኩን ያላወቀ እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ ከዝናቡ ይከፋል። መስመሩ ወዴት መቆም እንዳለበት የሚያውቅ ደቀ መዝሙር እስካለ ድረስ የለምፓድ ሥራ አልፈረሰም።