«ኢሬጉላር ዩኒየን» በአማርኛ ምን ይባላል?

በሕግ ትምህርት ቤቶቻችን የቤተሰብ ሕግ ስሙ «ቀላል ኮርስ» ነው። ተማሪው ስለ ኩባንያና ስለ ታክስ ሕግ ሲያወራ ደረቱን ይነፋል፤ ስለ ጋብቻና ፍቺ ሲሆን ግን «እሱማ ማታ ይነበባል» ብሎ ያልፈዋል። አይፈረድበትም። ሁሉም ሰው ከቤተሰብ የወጣ ስለሆነ የሚያውቀው ይመስለዋል።

እስቲ እንየው። የሕግ ተማሪ የሆነችውን የእህቴን ልጅ ሰሞኑን «ኢሬጉላር ዩኒየን ምንድነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ትርጉሙን ከነአንቀጹ አወረደችው፤ በእንግሊዝኛ። «በአማርኛስ?» ስላት ትንሽ አሰበችና «ያው ውሽምነት ነው መሰለኝ ጋሼ» አለችኝ።

ውሽምነት! አዋጁ የሚለው «ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» ነው። ለአፍ አይመችም፤ ግን ማንንም አይሰድብም። እንዲያውም ወንድና ሴት መገናኘታቸው ብቻ፣ ቢደጋገምና አገር ቢያውቀው እንኳ፣ ለዚህ እንደማይበቃ እዚያው ይናገራል። ማለትም ልጅቱ ያመጣችው ቃል ሕጉ አውጥቶ የጣለው ነው።

እሷ ምን ታድርግ? ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ግን ሁለቱ ቅጂዎች ሲለያዩ የሚጸናው የአማርኛው ነው። ጉዳይ ይዘው ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡት እናቶችም «ኢሬጉላር» ሲባሉ ሰምተው አያውቁም።

እንበልና አንዲት ሴት ያለ ሠርግ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ፊርማ ከአንድ ሰው ጋር አሥር ዓመት ኖረች። እንጀራ እየሸጠች ሁለት ክፍል ቤት አሠሩ። ሲጣሉ ሰውየው «ምኔ ናት?» አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቢሆን ጉድ ፈልቶባት ነበር፤ ያ ሕግ ለእንዲህ ያለው ኑሮ የጋራ ሀብት አያውቅለትም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ኑሮው ከሦስት ዓመት ካላነሰ አብረው ያፈሩት የሁለቱም ነው አለ። ትልቅ ነገር ነው! ታዲያ ምስክሮቿ ችሎት ቀርበው «ውሽማው ነበረች» ቢሉስ? ጠበቃው ያኔ «ለቅሶ አብረው ይደርሱ ነበር? ዕድር ውስጥ እንዴት ተመዘገቡ? የቤት ኪራዩን ማን ይከፍል ነበር?» ብሎ ነገሩን ማቃናት አለበት። ይህን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ማስታወሻ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ሌላም አለ። ተማሪው አንቀጽ 75ን ይሸመድዳል። ጋብቻ የሚፈርሰው በሞት ወይም በመጥፋት ውሳኔ፣ የጋብቻ ሁኔታዎች ተጥሰው ፍርድ ቤት ሲያፈርሰው፣ እንዲሁም በፍቺ ነው። ሦስት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ግን ሳይፋቱ ለረጅም ዘመን ተለያይተው የራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ባልና ሚስት ጋብቻቸው «በሁኔታ ፈርሷል» ሊባል ይችላል ብሎ ወስኗል። የሰበር ትርጉም ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ስለዚህ አራተኛ በር ተከፍቷል።

ለእኔ ይህ ውሳኔ ሁለት ፊት አለው። ከሃያ ዓመት በኋላ ብቅ ብሎ «ግማሹ የእኔ ነው» የሚለውን ባል አፉን ያስይዛል፤ ደግ። ግን ባሏ ሌላ ጎጆ ሲቀልስ ልጆች እያሳደገች በትዳሯ የጸናችውን ሴትም «ትዳርሽ ካለቀ ቆይቷል» ይላታል። ከስንት ዓመት ጀምሮ? ማን ቆጠረው? ፍቺውን የሚያጸናው ፍርድ ቤት ነው ብሎ ሕጉ ከወሰነ በኋላ ይህ በር መከፈት ነበረበት ወይ? ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ እየተደበደበ መከራከር የሚያሻው እዚህ ላይ ነበር። የእህቴ ልጅ እንደነገረችኝ ውሳኔው በሴሚስተሩ መጨረሻ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ከጉዲፈቻና ከቀለብ ጋር ተጨምቆ አለፈ።

(አማራና ኦሮሚያ በ1995 ዓ.ም. የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣታቸውን ብዙው ተማሪ የሚሰማው ሥራ ሲመደብ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።)

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች አሏቸው፤ ብዙ ሴቶችም ይሄዱባቸዋል። ተማሪው በዚያ አንድ ወር ቁጭ ብሎ የባልና ሚስት አቤቱታ በአማርኛ ወይም በአካባቢው የሥራ ቋንቋ ቢጽፍ፣ ውጤቱም በዚያ ቢታረም ምን ይጎድላል? ዛሬ ያን አቤቱታ ከምሩቁ አሳምረው የሚጽፉት፣ ፍርድ ቤት አጥር ሥር በዣንጥላ ተጠልለው በገጽ የሚያስከፍሉት ሰዎች ናቸው። «ውሽማ» ብለው አይጽፉም።